«ምን ጎድሎህ?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አጣሁ

የለገጣፎው | እሑድ ምሽት

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እዚህ ላይ ከብረትና ከሲሚንቶ ዋጋ፣ ከካርታና ከግንባታ ፈቃድ በቀር ስለ ሌላ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ለባለቤቴም፣ ለወንድሞቼም፣ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩት በመሆኑ፣ ስሜ በማይታወቅበት ቦታ ማውጣቱን መርጫለሁ።

ዕድሜዬ አርባን አልፏል። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት እሠራለሁ፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ፤ ታናናሾቼን አስተምሬ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፤ የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥም እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለገጣፎ ላይ የጀመርነውን ቤት ጨርሰን ገባን። ቤቱ የተመረቀ ዕለት ድንኳን ተጥሎ፣ በግ ታርዶ፣ ሽማግሌዎች ቆመው «የሳቅ የጨዋታ ቤት ያድርግልህ» እያሉ ሲመርቁ፣ እኔ «አሜን» እያልኩ በልቤ የማስበው ሰው ሁሉ መቼ እንደሚሄድልኝ ብቻ ነበር። አላዘንኩም፤ ደስም አላለኝም፤ በሰው ድግስ ላይ የተገኘሁ እንግዳ ሆንኩ።

ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃና እስኪነጋ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ጠዋት አንድ እግሬን ካልሲ አጥልቄ፣ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ደርቄ የምቀርበት ጊዜ አለ። ቢሮ ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ፤ ስብሰባ እመራለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ የተኳረፉትን አስታርቃለሁ። ማታ ስመለስ ዘበኛው በሩን ከፍቶልኝ መኪናውን ካስገባሁ በኋላ ሞተሩን አጥፍቼ እዚያው እቀመጣለሁ። ልጆቹ ድምፅ ሰምተው እየሮጡ ስለሚመጡ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ከማንም ጋር ሳልነጋገር የምነጋገር እመስላለሁ፤ ፊቴን የማስተካክልበት ጊዜ የማገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

ሆዴን ሲያቃጥለኝ ጨጓራ ነው ተባልኩና ታከምኩ። ራሴን ሲያግለኝ ታይፎይድ ነው ተብዬ መርፌ ተወጋሁ፤ ሲቲ ስካንም ተነሣሁ። ውጤቱ ሁሉ «ነጻ ነህ» የሚል ነው። በራሴ ላይ ክፉ ነገር ለማድረግ አላሰብኩም፤ ሆኖም ሌሊት ስነቃ «ምነው ባልነጋ» እያልኩ መመኘቴ አሁን አሁን ያስፈራኛል።

የምጠይቃችሁ ይህ በሽታ ነው ወይስ ተመስገን ለማለት ያልታደለ ሰው ጠባይ? በሽታ ከሆነስ ሰው ሳያውቅብኝ የት ልሂድ? መሥሪያ ቤቴ ቢሰማስ?

አመስጋኙ | እሑድ ምሽት

ወንድሜ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ጽሑፍዎን ደግሜ አንብቤ የገባኝ ነገር ቢኖር የጥጋብ ችግር መሆኑ ነው። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ፤ ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ፤ የባንክ ዕዳዬም አላለቀም። እኔን የመሰለ ሰው ለመደበር ጊዜ የለውም። ቤት ሠርቶ፣ መኪና ይዞ፣ ልጅ ወልዶ «ምነው ባልነጋ» ማለት እግዚአብሔርን ማስቀየም ነው። እንጦጦ ወጥተው ቢጠመቁና ከእርስዎ በታች ያለውን ሕዝብ አስተውለው ቢያዩ ይሻላል።

ነርስ ከኮተቤ | ሰኞ ጠዋት

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። በዚህ መድረክ ላይ ማንንም መመርመር አልችልም፤ ነገር ግን የለገጣፎው የጻፉት በተመላላሽ ክፍላችን ከምንሰማው ጋር እጅግ ይመሳሰላልና የማውቀውን ልናገር።

ድባቴ የሚባለው ሕመም በችግር ብዛት ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አመስጋኙ ያሉት ትክክል በሆነ ነበር። ድህነት፣ ሥራ ማጣትና ሐዘን ሕመሙን እንደሚያባብሱት እሙን ነው፤ ሆኖም በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በልጅነት የደረሰ ጉዳት፣ የቆየ ውጥረት፣ የመጠጥና የጫት ልማድ፣ የአካል በሽታም ጭምር ተደራርበው የሚያመጡት በመሆኑ ባለ ፎቁንም ባለ ጀሪካኑንም አይመርጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 330 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከድባቴ ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል፤ ይህ ሁሉ ሰው ጠግቦ አይደለም።

ምልክቶቹ ሐዘንና ለቅሶ ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ማጣት፣ ሌሊቱ ሳይጋመስ ወይም ከመንጋቱ ብዙ ቀደም ብሎ መንቃት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠርና ሞትን መመኘት፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን ሲዘልቁ ሐኪሙ ድባቴን ያስባል። መልኩ ቀለል ብሎ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ዓይነትም አለ፤ ይህን የያዘው ሰው «ጠባዬ ነው» ብሎ ይለምደዋል። በአገራችን ደግሞ ሰው «ልቤ አዝኗል» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል ብሎ ነው የሚመጣው፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች የጨጓራ ክኒን ሲውጡ ዓመታት ያልፋሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ፒ.ኤች.ኪው-9 የሚባል፣ በአማርኛም የሚሠራበት መጠይቅ አለ። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል እንደተደጋገመ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በሚገባ እንዲመረመር ይደረጋል። ከዘጠኙ በኋላ ግን ነጥብ የማይሰጠው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ እነዚህ ችግሮች ሥራዎን ለመሥራት፣ ቤትዎን ለመምራት፣ ከሰው ጋር ለመግባባት ምን ያህል አስቸገሩዎት የሚል ነው። እንደ ጠያቂያችን ያለ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ምንም አላስቸገረኝም» ብሎ ያከብባል፤ እውነቱንም ነው፤ ሪፖርቱ በሰዓቱ ይገባል፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ይከፈላል፣ ዕድሩ ሒሳቡ ይዘጋል። የቸኮለ ባለሙያ ያችን መልስ አይቶ «ቀላል ነው» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ሥራው አለመበላሸቱ ሕመሙ ቀላል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ መጠየቅ ያለበት ሥራው እንዳይበላሽ ሲል ሰውየው ምን እየከፈለ እንደሆነ ነው። በሙሉ ልብስና በከረባት የመጣ ታካሚን ከሌላው ይልቅ ቀስ ብሎ ማነጋገር ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ፤ ትንሽ እንቅልፍ ብቻ» እንዳይሉ አደራ እላለሁ። እዚህ የጻፉትን እንዳለ አትመው ቢሰጧቸውም ይበቃል። የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድባቴን ስለሚመስሉ የደም ምርመራም ይጠይቁ።

የት ለሚለው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ሰው ስሙን ሲሰማ ይደነግጣል። ዛሬ ግን በጳውሎስ፣ በዘውዲቱ፣ በየካቲት 12 እና ለእርስዎ ሰፈር በሚቀርበው በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ይምጡ፤ ካርድ ክፍል ላይ የሚሰለፈው ሰው ለምን እንደመጡ አያውቅም፤ ባለሙያውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

«ምነው ባልነጋ» ያሉትን ግን በቀላሉ አላልፈውም። ያ ሐሳብ «እንዴት ላድርገው» ወደሚል ከተለወጠ ቀጠሮና ሪፈር አይጠብቁ፤ ሰው ይዘው በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ይጠራል።

የሱሉልታዋ | ሰኞ ማታ

እኔ የምጽፈው ከበሩ በዚህኛው በኩል ካለው ሰው ቦታ ሆኜ ነው። ባለቤቴ ሰርግ ላይ እስክስታ የሚያስጀምር፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛውን ፈገግ የሚያሰኝ፣ ዘመድ አዝማድ «እንደ እሱ ያለ ባል ይስጥሽ» እያለ ሴት ልጁን የሚመርቅበት ሰው ነው። መኪናውን ለማጠብ ምንጣፉን ሳነሣ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን አገኘሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበረ ያገባችሁ ሴቶች ትገምታላችሁ። ክኒኑን ይዤ ፋርማሲ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ለድባቴ የሚሰጥ መሆኑን ሲነግሩኝ እፎይ ልበል ልደንግጥ አላወቅሁም።

ከሕመሙ ይልቅ ያንገበገበኝ ከፋርማሲ መስማቴ ነበር። ወንዶች ሆይ፣ ሚስትን ላለማስጨነቅ ብላችሁ ስትደብቁ እኛ የምናየው ባዶ ቦታ አይደለም፤ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የምንገምተው ሌላ ሴት፣ ሌላ በሽታ፣ ወይም «ሰለቸሁት» የሚል ነው። እኔ እውነቱን ከማወቄ በፊት ለብዙ ወራት ከባለቤቴ ጋር ሳይሆን ከግምቴ ጋር ነበር የተጣላሁት።

የለገጣፎው፣ ለባለቤትዎ ሲነግሯት ረጅም ንግግር አያዘጋጁ። ልጆች በተኙበት ሰዓት «አሞኛል፤ ልታከም ነው፤ አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም» ማለት ይበቃል። ሦስተኛውን አይዝለሉት፤ እኛ ሴቶች መጀመሪያ የምንመረምረው ራሳችንን ነው።

ለእኔ ቢጤዎች ደግሞ፣ «አይዞህ፣ በርታ» ማለት እንደማይጠቅም የገባኝ ቆይቶ ነው። የበረታውማ እሱ ነው፤ ያደከመውም መበርታቱ ነው። የጠቀመን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አብሮ መራመድ፣ ቀጠሮ ቀን አብሮ መሄድና እሑድ እሑድ የሚጎርፈውን እንግዳ መቀነስ ነበር። ስለ መሞት ያስብ እንደሆነም በቀጥታ ጠየቅሁት። ጥያቄው ሐሳቡን ያመጣበታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሐኪሙ እንዲያውም መጠየቅ ሸክም እንደሚያቀል ነገረኝ፤ ባለቤቴም አለቀሰና «አንድ ሰው እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድኃኒቱ መያዣም፣ ለጓሮው የምንጠቀምበት የተባይ ማጥፊያም ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

አመስጋኙ | ማክሰኞ ጠዋት

ነርሷ በጨዋ ደንብ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ሐሳቤን ግን ሙሉ በሙሉ አልለወጥኩም። በፀበል የዳነ ሰው አውቃለሁ። ሁለተኛ ነገር፣ የቀን ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ በየወሩ ኮተቤ ይመላለስ? ይህ የአእምሮ ሐኪም የምትሉት ነገር መኪና ላለው ሰው የተሠራ ይመስለኛል።

ነርስ ከኮተቤ | ማክሰኞ ምሽት

ሁለተኛው ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በግል ክሊኒክ የአንድ ቀን ክፍያ ብዙ ሰው የማይደፍረው መሆኑን አልክድም። በመንግሥት ተቋም ግን ወጪው እጅግ ያነሰ ነው፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለውም በሪፈር ይታከምበታል። በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድባቴን እንዲያክሙ የማሠልጠኑ ሥራም ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ በየጤና ጣቢያው በእኩል አለመዳረሱ ግን ያሳዝነኛል፤ የእርስዎ ወቀሳ እዚህ ላይ ይያዝልኝ።

ፀበሉን ማንም አይከለክልዎትም። እኔም እጠመቃለሁ። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፀበል ቦታ ሲገቡ መድኃኒቱን በድንገት አያቋርጡ። በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ማዞር፣ መረበሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቤተሰብ «ርኩስ መንፈስ ተነሣበት» ይላል እንጂ «ክኒኑ ተቋርጦ ነው» አይልም።

የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ | ማክሰኞ ምሽት

ስለ መሥሪያ ቤት ለተነሣው በአጭሩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ሲሆኑ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። አዋጁ የአካልና የአእምሮ ሕመም ብሎ አይለይም። የሚጠበቅብዎ ከሥራ በቀሩ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ነው። ስለ ሕመሙ ለሥራ ባልደረቦች የመተረክ ግዴታ የለብዎትም፤ እኔ የምመክረውም አለቃዎ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በደንብ ሳይመዝኑ ከወረቀቱ በላይ እንዳይናገሩ ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ቡራዩ | ረቡዕ ጠዋት

ልጄ፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አንብባልኝ ነው መልሱን የማስጽፋት። ስለ ሕክምናው ነርሷ በሚገባ ተናግራለች፤ እኔ የምናገረው ስለ ዕድሩ ነው።

ከገፈርሳ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል ብዙ በማይርቅ ሰፈር ስኖር ዘመን ስላስቆጠርኩ፣ ሰው ስለዚህ ሕመም የሚናገረውን ክፉም ደግም ሰምቻለሁ። ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን በሰዓታት ውስጥ ያደርሳል፤ ወገብ የተሰበረውንም ብርቱካን ይዘን እንጠይቃለን። ጥርስ ባዳ ነውና፣ ውስጡ እያረረ የሚስቀውን ግን የሚጠይቅ ደንብ የለንም። እንዲያውም የምንጥልበት ሥራ አናጣም፤ ጨዋ ነው፣ ታማኝ ነው፣ እምቢ አይልም እያልን ገንዘብ ያዥነቱን፣ ሽምግልናውን፣ የመንገድ ኮሚቴውን እናሸክመዋለን። ምስጉን ሰው እምቢ ለማለት የተቀበለው ምስጋና ዕዳ ይሆንበታል።

ስለዚህ የምመክርህ፣ የዕድሩን መዝገብ ለጊዜው ለሌላ ሰው አስረክብ። ምክንያት ከጠየቁህ «ሐኪም ዕረፍት አዞኛል» በላቸው፤ ውሸት አይደለም። ዕድሩ አይፈርስም። እኛ ሦስት ገንዘብ ያዥ ቀያይረናል፤ አንዱ እንዲያውም ሒሳብ አይችልም ነበር፤ ይኸው አለን።

የለገጣፎው | ከሰነባበተ በኋላ

መልስ ለመስጠት የዘገየሁት ጉዳዩን ጀምሬው ለመመለስ በመፈለጌ ነው፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳትገረም ቀረች። ግቢ ውስጥ መኪና ላይ ተቀምጬ ስልክ የማነጋግር ስመስል በመስኮት እያየችኝ የስልኩ መብራት እንደማይበራ ካስተዋለች ቆይታለች፤ ከማንም ጋር እንደማላወራ ብታውቅም፣ ለምን እንደማላወራ መጠየቅ ፈርታ ነበር። የሱሉልታዋ እህቴ ያሉኝን ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ስናገር ነው ያለቀሰችው።

ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈን አብረን ሄድን። መጠይቁን ስሞላ የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ስደርስ ብዕሬ «ምንም አላስቸገረኝም» ወደሚለው ሄዳ ነበር፤ ባለቤቴ አጠገቤ ባትሆን እዚያው አከብብ ነበር። የታይሮይድም የደም ማነስም ምርመራ ተደርጎልኝ ደህና ነው፤ ሐኪሙ ፍሉኦክሰቲን ጠዋት ጠዋት እንድወስድ አዘዘልኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳይም ቀጠሮ ይዞልኛል። የዕድሩን መዝገብ አስረክቤያለሁ፤ ተረካቢው ሒሳብ ይችላል።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ያቅለሸልሸኛል፣ እጄንም ትንሽ ያንቀጠቅጠኛል፤ ለውጥ ግን ገና አላየሁም። ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቼ ጋር ጫት ይዘን፣ በጨብሲ የምንጨርሰው ልማድ አለን፤ እሱስ? ጾም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ክኒኑን እንዴት ላድርግ?

ነርስ ከኮተቤ | በማግስቱ

እንኳን ጀመሩት። ማቅለሽለሹና መንቀጥቀጡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ሲሆን በአብዛኛው ሰው ላይ ይቀንሳል፤ ዕረፍት የሚነሳ መቁነጥነጥ ወይም የመሞት ሐሳብ መባባስ ካመጣ ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይምጡ። ለውጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ከራስዎ በፊት የሚያስተውለው የቤት ሰው ነው። ሲሻልዎት «ድኛለሁ» ብለው አያቋርጡ፤ ደህና ከሆኑ በኋላም ቢያንስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይቀጥላል፤ የሚቆመውም ሐኪሙ ሲወስን ነው።

የዓርቡን ልማድ ይተዉት። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው መደበር የቅዳሜውን ሌሊት ያባብሰዋል፤ ጨብሲው ደግሞ የተቃወሰውን እንቅልፍ ጨርሶ ያጠፋዋል፤ መድኃኒቱ ሠራ አልሠራ ለማወቅም ያስቸግረናል። ከባድ ጠጪ ከነበሩ ግን በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ስላለው መጠኑን ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩት።

ስለ ጾሙ፣ ፍሉኦክሰቲን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ሰዓቱን ወደ 9 ሰዓት ማዛወር የሚከብድ አይደለም፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቀጠሮ ሐኪሙን ያማክሩት፤ በየቀኑ ሰዓቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ እንቅልፍ ከነሳዎትም ይንገሩት።